የመስኮታችን እንዳሁላ

ስለ አበባ መጻፍ በተማሪ መጽሔት ላይ አደገኛ ነገር ነው። ግጥም አምጡ ሲባል ግማሾቻችን ጽጌረዳ ይዘን እንመጣለን፤ ጽጌረዳዋ ሁልጊዜ ከንፈር ናት፣ እሾኋም ሁልጊዜ ክህደት ነው። እኛ ዛሬ የምናወራው ከንፈርም ክህደትም ስላልሆነ ተክል ነው። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠርዙ በጥርስ የተነካከሰ የሚመስል፣ መዓዛ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት፣ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ሆኖ ከዶርማችን መስኮት ላይ የሚኖር ነው። ግጥም የጻፈለት የለም፤ እኛም አንጽፍለትም። ነገር ግን አራት ሰዎች አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አምፖል ሲደርሳቸው እንዲህ ያለ ተክል የሚያመጣውን ጣጣ ላላየ ሰው መንገር የሚገባ መስሎናል።

ተክሉ የመጣው ከዲፓርትመንታችን ጸሐፊ መስኮት ነው። እትዬ ቢሯቸውን በጣሳና በጀሪካን ቁራጭ ሞልተውታል፤ ማኅተም ፍለጋ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ቅጠል ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ለአንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ሦስት ጊዜም ፈራሚው ስላልነበሩ አዘኑልን መሰለን፣ ከትልቁ ተክል ላይ አንዲት ዝንጣፊ ቆርጠው «እንኩ ልጆቼ፣ ባዶ እጃችሁን አትመለሱ» አሉን። ማስጠንቀቂያቸው ሁለት ነበር፤ «ዛሬ እንዳትተክሉት። ከተከላችሁትም በኋላ በውኃ እንዳትገድሉት።»

ዛሬ አትትከሉ የሚለው መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። በገጠር ያደገ ሰው የተቆረጠ ነገር ሳይጠወልግ አፈር ይግባ ባይ ነው። ይህ ግን ውኃውን በቅጠሉና በግንዱ ያጠራቀመ ተክል ስለሆነ አይቸኩልም። የተቆረጠበት ቦታ እርጥብ እንዳለ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢገባ የሚቀድመው ሥር ሳይሆን ብስባሽ ነው። ስለዚህ ከአንጓው ሥር ይቆረጣል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ተነቅለው ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ከላይ ይቀሩለታል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ጋደም ይላል። ቁስሉ ልክ እንደ ሰው ቁስል ይደርቅና ቅርፊት ይይዛል። እኛም በሎከራችን አናት ላይ በጋዜጣ አጋድመነው ሦስት ቀን አደረ። በሦስተኛው ቀን አልጠወለገም። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ደህና ይመስል ነበር።

አፈሩ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የግቢያችን አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ። ውኃ ይዞ የሚቀር አፈር ደግሞ የዚህ ተክል ጠላቱ ነው። ከአዲሱ ሕንፃ ሥራ አጠገብ የፈሰሰውን ሬድ አሽ በላስቲክ ይዘን መጣን፤ ይህ ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለግንበኛው ለወለል መሙያ ነው፣ ለእኛ ግን ዋና መድኃኒት ሆነ። ግማሽ ሬድ አሽ፣ ግማሽ አፈር፣ ከላይ ትንሽ የደረቀ ፍግ። ጣሳው በሚስማር ከሥሩ አምስት ቦታ ተበሳ። ዝንጣፊዋን ከተከልን በኋላ ሳምንት ያህል ጠብታ አላጠጣንም። በሦስተኛው ሳምንት ቀስ ብለን ሳብ ስናደርጋት አልመጣም አለች። ሥር ይዛለች ማለት ነው። የዚያን ዕለት ማታ ሻይ በእኛ ሒሳብ ተጠጣ።

ስሙን በተመለከተ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። መጽሐፍ ላይ ያለው ስሙ ካላንኮኤ ብሎስፌልዲያና ነው። መምሬ (የቆሎ ትምህርት ቤት ስላየ እንዲህ እንለዋለን፤ እስካሁን አልቀሰሰም) ገና ሲያየው «ይኼ እኮ እንዳሁላ ነው! አገራችን በየአጥሩ ጥግ ሞልቷል፤ እናቴ ቅጠሉን በእሳት ለብ አድርጋ እባጭ ላይ ታስርልን ነበር» አለ። ሳቅንበት። መጽሐፍ ስናገላብጥ ግን መምሬ ከሞላ ጎደል ልክ ሆኖ ተገኘ፤ እንዳሁላ የምንለው የዚሁ የካላንኮኤ ዘር ነው። ከደገኛው እንዳሁላ አንዱ ካላንኮኤ ፔቲቲያና ይባላል። ፔቲ ማን ነው ቢባል፣ ተክል ሊሰበስብ አገራችን የመጣ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ በ1843 እ.ኤ.አ. ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ሰብስቦት የነበረውን ተክል ሪሻር የተባለው የአገሩ ሰው ፓሪስ ላይ ሆኖ ሲጽፍ የሟቹን ስም ሰጠው። መምሬ ይህን ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እናቴም ታውቀው ነበር፤ ግን በስሟ የተጠራ ነገር የለም» አለ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም።

የእኛው የጣሳ ተክል ግን የእንዳሁላ የአጎት ልጅ እንጂ ራሱ አይደለም። አገሩ ማዳጋስካር፣ ከፍ ያለ ተራራማ ቦታ ነው። ሮበርት ብሎስፌልድ የሚባል የፖትስዳም ዘር ነጋዴ በ1932 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው፤ ስሙም ከእርሱ መጣ። ከዚያ ወዲህ ይኸው በዓለም ላይ ባለ መስኮት ሁሉ ይታያል። የእትዬ ቢሮም ከዚያው ነው።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከዚህ ዘመዳሞች መካከል ሌላም ስመ ጥር አለ። ቅጠሉ መሬት ላይ ሲወድቅ ከጠርዙ ጥርስ ጥርስ ላይ ትናንሽ ችግኞች የሚያበቅል፣ ድሮ ብሪዮፊሉም ይባል የነበረ ተክል ነው። ጎተ በስተርጅናው ይህን ተክል ቤቱ ውስጥ ያሳድግ፣ ችግኞቹንም ለወዳጆቹ እየላከ ያድል ነበር፤ ጀርመኖች ዛሬም በእርሱ ስም ይጠሩታል። የዓለም ባለቅኔ በመስኮቱ ላይ ቅጠል ሲቆጥር መዋሉን ካወቅን በኋላ አበባ የቦዘኔ ሥራ ነው ለሚሉን ጎረቤቶቻችን መልስ አጥተን አናውቅም።

የተክሉ አተነፋፈስ ደግሞ ከሁሉም የሚገርም ነው። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ በሕንድ አገር የተቀመጠ የዕፅዋት አጥኚ በ1813 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ የዚህን የጎተ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲያኝከው ኮምጣጣ፣ እኩለ ቀን ላይ ጣዕም የሌለው፣ ወደ ማታ መራራ እንደሆነ ተናገረ። ምክንያቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ተጣርቶ ተገኘ። ሌላው ተክል ቀን ቀን የሚከፍተውን ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳ ይህ ወገን የሚከፍተው በሌሊት ነው። በፀሐይ ቢከፍት ውኃው ይተናል። ስለዚህ የሚያስፈልገውን አየር በጨለማ ይስብና አሲድ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሲነጋ በሩን ዘግቶ ከቀን ብርሃን ጋር ያንኑ ስንቁን ይሠራበታል። ጠዋት የሚኮመጥጠው የሌሊቱ ስንቅ ነው። እኛ አልቀመስነውም፤ አንባቢም አይቅመስ። በዚህ ዘር ውስጥ ልብን የሚጎዳ መርዝ አለ፣ ከብትና ፍየል በልቶት ይሞታል።

እንግዲህ ተክል በሌሊት ይሠራል ማለት ነው። በክፍላችንም በሌሊት የሚሠራ ሌላ ሰው ነበረን።

ስሙን እንተወውና ኩራዝ እንለዋለን። ይህን ቅጽል ያወጣለት ራሱ ነው ማለት ይቻላል፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በኩራዝ ብርሃን አጥንቶ እዚህ መድረሱን መጀመሪያ በተገናኘን ቀን አጫወተን። በቤታቸው እስከ ዛሬም መብራት አልገባም። ከሰባት ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገባ እርሱ ብቻ ነው። ኩራዝ ቸካይ ነው፤ ይህን ስንል ግን እንደ ስድብ አይያዝብን። አንዱን ገጽ እኛ አንድ ጊዜ ስናነብ እርሱ አራት ጊዜ ያነባል፤ በአራተኛውም አንዳንዴ እንግሊዝኛው አልፈታለት ይላል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። በዘንድሮው አንደኛ መንፈቅ አማካዩን 2.00 ካላደረሰ ይሰናበታል። ላይብረሪው ሲዘጋ ዶርም ይመጣና ከመስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያችው አንዲት አምፖል፣ እስከ ሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጣል። እኛ ፊታችንን በጋቢ ሸፍነን እንተኛለን። ለምደነዋል።

ተክሉ ግን አለመደውም፤ ወይም በራሱ መንገድ ለምዶታል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አወጣ፣ ወፈረ፣ ቅርንጫፍ ሠራ፣ አበባ የሚባል ነገር ግን አላሳየም። ክረምቱን እትዬ ዘንድ አሳልፎ መስከረም ላይ ያው ቅጠሉን ይዞ ተመለሰ። እትዬ ቢሮ ያለው እናቱ በበኩሏ ጥር ሲመጣ በአበባ ተሸፍና ነበር። ፍግ ይጨመርለት ያለ ነበር። ጣሳው ጠበበው ያለም ነበር። መምሬ «ቀን አልወጣለትም» ብሎ ዘጋው።

ነገሩን የፈታው ከላይኛው ፎቅ የመጣ የባዮሎጂ ተማሪ ነው። ስኳር ሊበደር ገብቶ ስናማክረው ተክሉን እምብዛም አላየውም፤ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። «ስንት ሰዓት ነው የምታጠፉት?» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋርነርና አላርድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1920 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ተክል የሚያብበው በዕድሜ ወይም በምቾት ሳይሆን በቀኑ ርዝመት መሆኑን አሳዩ። በ1938 ደግሞ ሐምነርና ቦነር የሚቆጠረው ቀኑ ሳይሆን ሌሊቱ መሆኑን አረጋገጡ። የኛው ካላንኮኤ ሌሊት ቆጣሪ ነው። ያልተቋረጠ ረጅም ጨለማ ካላገኘ አያብብም። ያልተቋረጠ የሚለው ቃል ላይ ይሰመርበት፤ እኩለ ሌሊት ላይ ለጥቂት ጊዜ መብራት ቢበራበት እንኳ ቆጠራው ይበላሽበታል። ቆጣሪው ደግሞ ጫፉ ሳይሆን ቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ የቆጠረውን ወደ ጫፍ መልእክት ይልካል። ይህን መልእክት ቻይላኽያን የተባለ ሊቅ በ1930ዎቹ ፍሎሪጅን ብሎ ሰየመው፤ እንዲያው በስም ብቻ ሲጠራ ኖሮ ፕሮቲን መሆኑ በማስረጃ የታየው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፤ አጭሩ፣ በታኅሣሥ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰው አያስተውለውም። ቅጠሉ ግን ያስተውላል። ማታ ተዘግቶ የሚያድረው የእትዬ ቢሮ በታኅሣሥ ከ12 ሰዓት በላይ ጨለማ ያገኛል፤ የእኛ መስኮት ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት ያገኘው ጨለማ ግን አራት ሰዓት ነው ቢባል አልተጋነነም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መብራቱ ይጥፋ ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም፤ ግን ሁላችንም ኩራዝን አየነው። እርሱም እንዳየነው አየ። ተክሉን ሎከር ውስጥ እንቆልፈው አልን፤ የሎከሩ በር በሌሊት ለመጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት እናውቃለን። ለላይኛው ፎቅ ልጅ እንስጠው የሚልም ተነሣ። በመጨረሻ ከካፌ የፓስታ ካርቶን ለምነን አመጣን፤ ስንጥቁን በጥቁር ላስቲክ ደፈንነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይደፋበታል፣ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነሣለታል። አሥራ አራት ሰዓት ጨለማ፣ ስድስት ሳምንት ያህል ሳይቋረጥ። ቀን ቀን ግን ብርሃኑን በደንብ ማግኘት አለበት፤ ዘግተህ ከረሳኸው ተክል ሳይሆን አሮጌ ጎመን ነው የምታገኘው።

ማን ይድፋ፣ ማን ያንሣ? ተራ እናውጣ ስንል ኩራዝ ከመጽሐፉ ቀና ሳይል «መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ። እኔ እሸፍነዋለሁ» አለ። ተው አልነው። «ለማንኛውም ቁጭ የምለው እዚሁ ነው» አለን።

ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ አንድም ቀን አላሳለፈም። ማታ ከክፍል ይመጣል፣ ካርቶኑን ይደፋል፣ ወደ ላይብረሪ ይሄዳል፣ ተመልሶ ከካርቶኑ ጎን ያጠናል። ጠዋት ከማንም ቀድሞ ያነሣዋል። በካርቶኑ ጀርባ ላይ በእርሳስ አንድ አንድ ሰረዝ ያሰምር ነበር፤ እንደ እስረኛ ብለን ስንስቅበት ይስቃል። መብራት በሚጠፋባቸው ሌሊቶች ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ተክሉ ያለ ካርቶንም ጨለማ ሲያገኝ ኩራዝ በስልኩ ባትሪ ስድስት መስመር ያነብና ባትሪው ያልቃል። ያኔም ቢሆን ካርቶኑን አያነሣም፤ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ። «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» የሚለውን ተረት በክፍላችን እንዳይጠራ የከለከልነው በዚያ ሰሞን ነው። መምሬ በቀን ሦስት ጊዜ ይለው ጀምሮ ነበር።

አርባ ሁለት ሰረዝ ከሞላ በኋላም ለጥንቃቄ ብሎ ቀጠለ። ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቀሰቀሰን። ጫፉ ላይ፣ በላይኞቹ ሁለት ቅጠሎች መካከል፣ ከስንዴ ፍሬ ያነሱ አረንጓዴ ነገሮች ተደራርበው ወጥተዋል። ቅጠል ነው ያለ ነበር። የላይኛው ፎቅ ልጅ መጥቶ እምቡጥ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲያ ካርቶን አያስፈልገውም ነበር። ኩራዝ ካርቶኑን አልጣለውም፤ አጣጥፎ ከፍራሹ ሥር ከተተው። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

የካቲት ላይ አበበ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ትልቅ ነገር አይደለም። አራት ቅጠል ያላት ትንሽ አበባ ናት፣ ቀለሟ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካንማ። አንድ ዘለላ ላይ ሃያም ሠላሳም ትሆናለች፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይፈነዱም፣ ሳምንታት ይቆያሉ። ሽታ የለውም። ብናሸትተው ብናሸትተው የቲማቲም ጣሳ ነው የሚሸተን። ቢሆንም የአጠገብ ዶርም ተማሪዎች እየመጡ አዩት፤ ፕሮክተሩም መጥተው አዩትና መስኮት ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል መሆኑን ሳይናገሩ ሄዱ።

ውጤቱ የተለጠፈው በዚያው ሳምንት ነው። ኩራዝ 1.94 ሆነ።

ስለዚህ ብዙ አንጽፍም። ለአንድ ቀን ከአልጋው አልወረደም። ቅሬታ አስገባ፤ መልሱ ያው ሆነ። ከዓመት በኋላ እንደገና ለመግባት ማመልከት ይችላል፤ ያመለክት ይሆን ወይስ ሞፈር ይጨብጥ እኛ አናውቅም፣ እርሱም የነገረን የለም። የከፋን አንድ ነገር አለ፤ ስድስት መቶኛ ማለት ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ስንት ሌሊት እንደሆነ ለማስላት ሞክረን አቅቶን ተውነው። አምፖሏን በጊዜ ማጥፋት ከጀመርን ሳምንት ሆነን፤ ማንም አጥፉ ሳይለን።

ሊሄድ ሲል ዝንጣፊ ጠየቀን። አበባ ከያዘው ግንድ አይቆረጥም፤ ኃይሉ ወደ አበባው ስለሄደ ሥር ለመያዝ ያስቸግራል። ከሥር በኩል አበባ ያልያዘች ቅርንጫፍ ፈልገን፣ ከአንጓዋ በታች ቆርጠን፣ የታች ቅጠሏን አንሥተን በጋዜጣ ጠቀለልንለት። ማድረቂያው ጊዜ አላሳሰበንም፤ ለአገሩ አንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን የእግር መንገድ አለው፤ ቁስሉ መንገድ ላይ ይደርቃል። መምሬ ፍየል እንዳይደርስበት ደጋግሞ አስጠነቀቀው። ሬድ አሽ ከየት አመጣለሁ ሲለን የወንዝ አሸዋም ይሆናል አልነው።

ካርቶኑን ከፍራሹ ሥር አውጥተን ልንሰጠው ነበር። አየውና ሳቀ። «ለእኛ ቤት?» አለ።